ካናቴራችንን ለሌላ ላለበሱት የማሠልጠኛ አዛዥ

ለተከበሩ የምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ አዛዥ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ከግቢዎ ከተሸኘሁ ወዲህ፣ ንዴቱ ካልተቆጠረ፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቴን በቅርቡ ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ የጨረስኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለተኛ የወጣው ሰው እስካሁን አኩርፎኛል።

እንደሚያስታውሱት፣ ለሥልጠናው ጉልበት የማይበቃንን ምልምሎች ለብቻ ሰብስበው «የአቅም ማጎልበቻ ቡድን» የሚል ስም አወጡልን። ሌሎቹ ምልምሎች ሊጥ ይሉን ነበር፤ አልዋሹም። እኔ ራሴ ዕድሜዬን በስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ስለፈጀሁ፣ ከመላ አካሌ ለውትድርና የደረሰው ፔዳል የሚረግጠው ቀኝ እግሬ ብቻ ነበር። እርስዎም በዚያች የመጀመሪያ ቀን፣ «ልጆቼ፣ ቀስ እያላችሁ ትደርሳላችሁ፤ ሳትፈተኑ ከዚህ በር የሚያስወጣችሁ የለም» አሉን። አባት ያገኘን መሰለን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ኋላም አሸዋ የሞላ ቦርሳ አሸክመው ስላስሮጡን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ከልቤ ነው። አሠልጣኛችን አሥር አለቃ ከሁላችን የሚዘገየውን ከፊት አስቀድሞ፣ የቀረነው በእርሱ እርምጃ እንድንከተል ያደርግ ነበር። ድንች የምንለው ጓዳችን፣ የመሰናክሉን ግንብ ገና ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው የነበረው ልጅ፣ አንድ ጠዋት ግንቡን ተሻግሮ ማዶ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔማ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ ፑሽ አፕ ስሠራ መሬቷ ትንሽ ዝቅ ሳትል አልቀረችም።

2ኛ. እንግዶች ሊጎበኙን በሚመጡበት ዕለት ዋዜማ፣ የቡድናችንን ቢጫ ካናቴራዎች በሙሉ በስፌት እንዳጠብብ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ከስተናል ማለት ነው ብዬ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ለጓዶቼም፣ ሰው ሆነናል፣ አዛዡ ራሳቸው ወገባችንን አይተውልናል ብዬ አበሰርኩ። ድንች ወዲያው እናቱ ዘንድ ደወለ። እያንዳንዷን ካናቴራ በድርብ ስፌት አሳምሬ አጠበብኩ። በማግስቱ ግን እኛን ዕቃ ጠብቁ ብለው መጋዘን ውስጥ ቆለፉብን። በመስኮቱ ስናይ፣ ከነባሩ ጦር የተመረጡ ሯጮች ካናቴራችንን ለብሰው እንደ ሚዳቋ ይፈተለካሉ። እርስዎም በድምፅ ማጉያ፣ «እነዚህ ሲመጡ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር እንኳ ያቅታቸው ነበር» አሉ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ድንች ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ሰፊው፣ ያጠበብከው ለእነሱ ነው እንዴ?» አለኝ።

3ኛ. በሳምንቱ፣ አንድም ፈተና ሳንፈተን፣ «ለሥልጠና አልበቁም» ተብለን ስለተሰናበትን አመሰግናለሁ። እንግዳ ፊት አንበሳ ነን፤ እንግዳው ሲሄድ በግ። ድንች ለጎረቤቱ ሁሉ ወታደር ሆንኩ ብሎ ስለነበር፣ ዛሬ በእናቱ ጓዳ ተደብቆ ይውላል፤ በር ሲንኳኳ ትንፋሹን ይውጣል።

ክቡር ሆይ፣ ሰነፍ ቢሉኝ ስቄ ባለፍኩት ነበር። የማይበርድልኝ፣ ወንድሞቼን ያስካዱኝ በገዛ እጄ መሆኑ ነው። አምነንዎት ነበር። አሁንም ሹመት አንለምንም፤ ይቅርታዎንም ለሚፈልገው ይስጡልን። የምንጠይቀው ያንኑ ፈተና ነው፤ በራሳችን ስም፣ በራሳችን እግር። ከወደቅንም ወድቀን እንሂድ፤ ድንችም ቢያንስ እናቱን ሞክሬ ወደቅሁ ይበላት።

በትእዛዝዎ ሲሮጥ፣ በትእዛዝዎ ሲቆለፍበት፣ በትእዛዝዎ ሲሰናበት አንዴም እምቢ ያላለው፣ ይህችን ደብዳቤ ግን ያለ ማንም ትእዛዝ የጻፈው

ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ በጉብኝቱ ዕለት ወደ መድረኩ ሲወጡ፣ ደረጃው መካከል ላይ ቆመው ደመናውን የሚያደንቁ መስለው ትንፋሽዎን ሲሰበስቡ በመስኮቱ አይተናል። ገመናዎ ገመናችን ነውና ለማንም ትንፍሽ አላልንም፤ ይህ ደብዳቤ በየአጥሩ እስከተለጠፈበት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።