በኪሳራ ስለተመዘገበው የብረት መከላከያ

ለክቡር የካሳ ክሶች ኢኮኖሚያዊ ጉዳት አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እጅዎም ክንድዎም ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሱቅ ሚዛን ስፈትሽ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ልጄም ላውንደሪ ቤት ስትሠራ የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ክንዷን ስቦባት በአሥራ አንደኛው ቀን ያረፈችብኝ አባት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ባደረጋችሁት ክርክር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ የተጎዳ ሰው ካሳ ሲጠይቅ ኢኮኖሚው ምን ያህል እንደሚከስር በምን እንለካው ብላችሁ ግማሽ ቀን ስትጨነቁ አይቻለሁ። መለካት የእኔም ሙያ ነበርና ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. በጥናታችሁ ገጽ አርባ ላይ፣ የልጄ የሥራ ባልደረቦች በላውንደሪው ላይ ባቀረብነው ክስ ለምስክርነት ፍርድ ቤት የዋሉባቸው ሰዓታት በሙሉ «የባከነ የሥራ ጊዜ» ተብለው ተደምረዋል። ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እሷ ልትሠራባቸው የነበሩት ዓመታት ግን የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ ሦስት ጊዜ አገላብጬ አጣኋቸው፤ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።

፪ኛ. የላካችሁልኝ መጠይቅ በክሱ ምክንያት ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረሁ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጡረታ አልወጣሁም ነበርና አርባ አንድ ብዬ ሞላሁ። ልጄን የት ልጻፋት ብዬ ቢሯችሁ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዋ፣ ደግ ልጅ ናት፣ አንገቷን ደፍታ «ሌላ» የሚለው ላይ እንድጽፍ ነገረችኝ። መስመሩ አጭር ስለነበር ስሟን ብቻ ጽፌ መለስኩ።

፫ኛ. ፍርድ ቤቱ ለእኛ ከፈረደ በኋላ ላውንደሪው በማሽኑ አፍ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከለክል ብረት ገጠመ። እናንተም ብረቱ በየአንሶላው አራት ሰከንድ ያዘገያል ብላችሁ፣ ሰከንዶቹን ደምራችሁ፣ ክስ ያመጣው ኪሳራ አድርጋችሁ መዘገባችሁት፤ ብረቱም እንዲነሳ ሐሳብ አቀረባችሁ። ክቡር ሆይ፣ አንዱን ሳህን ብቻ ጭኖ የሚመዝን ነጋዴ ባገኝ ሚዛኑን አሽጌ እወስድበት ነበር፤ የእናንተን ግን በምን አቅሜ።

ካሳውን አልፈለግኩትም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለሕክምናዋ የተበደርነውን ከፍለንበታል። ከልጄ የቀረኝ ግን ያ ብረት ነው። በወር አንዴ እሄድና በመስኮት አየዋለሁ። በእሷ ቦታ የተተካችው ልጅ ስታየኝ ሁለቱንም እጆቿን አንስታ ሰላም ትለኛለች፤ ያን ቀን እህል በጉሮሮዬ ይወርዳል። ይህን በየትኛው ዓምድ እንደምታስገቡት አላውቅም፤ ብረቱን ግን እባካችሁ አትንኩብኝ።

የአራት ሰከንድን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ አስልታችሁ ስላስተማራችሁኝ ዕድሜ ልኬን ውለታችሁ ያለብኝ፣ በጥናታችሁ ተራ ቁጥር መቶ አሥራ ስድስት የሆንኩ፣

አባቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብረቱ እንዲነሳ ከወሰናችሁ፣ አሁን በማሽኑ ላይ የምትሠራዋ ልጅ እናት አድራሻ በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ይገኛል። የሚቀጥለውን መጠይቅ ለእሷ ስትልኩ «ሌላ» የሚለውን መስመር ትንሽ ብታስረዝሙት መልካም ነው፤ የእሷ ልጅ ስም ረዥም ነው።