በአደስ የታሸ ቅቤ

ውድ ማንያዘዋል፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ትለኝ ይሆናል። አይጻፍም። ግን ይህን ለጎረቤት ባወራው እስከ ማታ መካነ ብርሃን በሙሉ ይሰማዋል፤ አንተ ደግሞ በሕይወት ሳለህም ምስጢር አታወጣም ነበር። እናትህ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነው። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

ከእርሻ ስትመለስ ገና ግቢው ሳትደርስ «ዛሬ ተቀባሽ» ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? በምን አወቅህ ስልህ «ቅቤሽ እስከ ወንዙ መጥቶ ተቀበለኝ» ትል ነበር። አንተን የጫነው ማኪና ገደል ከገባ ወዲህ ራሴን ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ከል ለበስኩ፣ ፀጉሬን ተላጨሁ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት አትቀባም፣ ሽቶም አይነካትም፤ የአገሩን ወግ አንተም ታውቀዋለህ።

ሙት ዓመትህ ሲወጣ ይበቃኛል ብዬ ነበር። የዚያን ዕለት ዘመድ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን እናትህን በጎን አየኋቸው። ከላቸውን አላወለቁም። እናት ሳታወልቅ ሚስት ታወልቃለች? «ለካ ቸኩላ ኖሯል» ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ዛሬ ነገ ስል ሦስተኛ ዓመት ተያዘ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ከሉ ከበደኝ። አንተን ማሰብ አልተውኩም፣ ጥቁር ልብሱ ግን አንገፈገፈኝ። ሠርግ ሲሆን ከበር እመለሳለሁ፣ ክርስትና ሲሆን ጥግ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ስንት ጊዜ እናትህን «ላውልቅ ወይ?» ልል አፌን ከፍቼ ስለ በጎቹ አውርቼ ዘግቼዋለሁ። ጥያቄው ራሱ አንተን እንደ መካድ ይመስለኝ ነበር።

ሰሞኑን ጎንደር ወርደን ነበር፣ ለእናትህ ዓይን። ሐኪሙ ጠብታ ይበቃቸዋል ብሎ ሸኘን። ወደ እኛ አገር የሚመጣ ማኪና የሚገኘው በማግስቱ ስለሆነ ሰርካለምን ልንጠይቃት ሄድን። አንተ አታውቃትም። የአይከል ልጅ ናት፤ ጎንደር ላይ ሽቶ መሥሪያ ከፍታለች። ዓምና ጦስኝ ፍለጋ እኛ ድረስ ስትመጣ አብሬያት ዳገቱን ወጥቼ አጭጄላት ነበር። «ጎንደር ከመጣሽ ያ ጦስኝ ምን እንደሚሆን አሳይሻለሁ» ብላኝ ነበር።

ሽቶ መሥሪያ ሲባል መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ጠብቄ ነበር። ኋላ የቆርቆሮ ዳስ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ የብረት ድስት ተጥዷል፤ ከታች ውሃ፣ ከላይ በወንፊት ላይ ጦስኝ ታጭቆበታል። ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አልፎ ጫፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናትህ ገና ሲያዩት ፊታቸው ፈካ።

«ይህማ አረቄ ነው፤ እኔም ይህንኑ ሳወጣ ነው የኖርሁ። ምነው ጌሾው አይሸት?»

«አረቄ አይደለም እማማ። የጦስኝ ዘይት ነው» አለች ሰርካለም።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«እና ይህ ሁሉ እንጨት የሚነድ ለአፍንጫ ነው?»

ሰርካለም ሳቀች። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ ከውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ቀጭን ዘይት አሳየችን። ያን ሁሉ ሸክም ተሸክመን የወረድነው ለዚህች ነው ብዬ ገረመኝ። ሽታው ግን የእኛው ዳገት ነው፤ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ስንረግጠው የሚሸተው።

ቀጥላ አንድ ማሰሮ አመጣች። ለሙሽሮች የምታዘጋጀው ለጋ ቅቤ ነው፤ አደስ ወቅጣ አሽታበታለች። ክዳኑን ስታነሣው ሳላስበው ወደ ማሰሮው ተጠጋሁ። «እጅሽን አምጪ» አለችኝ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩት።

«ከል ላይ ነኝ» አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች፣ ማሰሮውን ልትከድን ጎንበስ አለች። እኔ የፈራሁት እናትህን ነው። ሆን ብዬ እዚህ ያመጣኋቸው ይመስላቸዋል ብዬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ጠሩኝ።

«አዝመራ።»

«አቤት።»

«ምነው እስካሁን ከልሽን አላወለቅሽ? ሙት ዓመቱ ከወጣ ቆየ እኮ።»

«እርስዎ ሳያወልቁ እንዴት አድርጌ?»

«እኔ?» አሉ። «እኔማ አንቺን እየጠበቅሁ ነው። ምራቴ በጥቁር እያለች እኔ ነጭ ብለብስ፣ የወለደችው ቀድማ ረሳችው ትይኛለሽ ብዬ።»

«እኔም ያገባችው ቀድማ ረሳችው ይሉኛል ብዬ ነው።»

ማንያዘዋል፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ እሳት እየሞቅን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስንል ይህን ሁሉ ጊዜ ከል ለበስን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ግን ነቅዞ ነበር። እናትህ መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ስነሣ ለካ እየሳቁ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ካንተ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

«በይ፣ ተቀቢ» አሉኝ።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም። አንቺ ልጅ ነሽ።»

«እናት እያለ?»

አሁንም ልንጠባበቅ ነው። ሰርካለም መሐላችን ቆማ ማሰሮውን ይዛ ክንዷ ሳይዝል አልቀረም። «ታዲያ ለምን እኩል አትቀባቡም?» አለችን።

ሁለት በርጩማ ሰጥታ ፊት ለፊት አስቀመጠችን። ሻሻችንን ፈታን። እኔ እጄን እሳቸው ራስ ላይ፣ እሳቸው እጃቸውን እኔ ራስ ላይ፣ አንድ ላይ አሳረፍን። ፀጉራቸው እንዴት ሳስቷል መሰለህ። አለቀስኩ። ግን ሸክም ያወረደ ሰው ለቅሶ ነው፤ ሳለቅስ ደረቴ እየሰፋ፣ ትንፋሼ እየረዘመ ሄደ። እናትህ ሁለቱን ጥቁር ነጠላዎች አጣጥፈው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱና «እፎይ» አሉ። እኔም አልኩ።

በማግስቱ ማኪናው ውስጥ ፀሐዩ ሲያገኘን ቅቤው ቀልጦ አንገታችን ላይ ወረደ። ማኪናው ሁሉ አደስ አደስ ሸተተ። ወለቃን ሳናልፍ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የሠርግ ቤት ሰዎች ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«የሐዘን ቤት ነን፣ አያ። ትናንት ነው የወጣን» አሉ እናትህ።

«እሰይ። ከእንግዲህ ደስታ ያሰማችሁ።»

«አሜን።»

እኔም አሜን አልኩ፣ ሳላፍር።

ለሌላ ሰው ብላ ተቀባች እንዳትለኝ። የሚመጣ ካለ የዚያን ጊዜ ይታያል፤ እሱንም አልደብቅህም። አሁን ግን ራሴ እንደገና የራሴ ሆኗል፤ አንተንም ያለ ጥቁር ልብስ ማሰብ ችያለሁ። እንዲያውም ያኔ በከሉ ውስጥ ሳስብህ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ ሬሳህ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የምትመጣብኝ ከእርሻ ስትመለስ ነው።

ለሚካኤል መቃብርህ ዘንድ እንመጣለን፣ ነጭ ለብሰን። ነፋሱ ወደ አንተ ከነፈሰ ደጀ ሰላሙ ሳንደርስ ታውቀናለህ።

ሚስትህ አዝመራ

ለማን ነው የምትጽፊ ብለው እናትህ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወደ በሩ ጠጋ ብለው «እኔንም ጻፊኝ» አሉ። «ማን ቀደመ ብሎ ከጠየቀ፣ እኩል ነው በይልኝ።»