እሳት አታስነኪው

ለምወድሽ እናቴ፣

ወገብሽ እንዴት ሰነበተ? ወንበር ላይ ወጥተሽ መስኮት መወልወሉን ተውሽ ወይስ ምክሬ ዛሬም በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ወጣ? እኛ ደህና ነን። አባዬም እዚህ እኔ ጋ ሆኖ ዓይኑን እየታከመ ነው። ሐኪሙ ዕረፍ ቢለውም ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስቦ እኔን መጠበቅ ሆኗል ሥራው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ከሠርግ ቀሚስሽ የተረፈውን ጨርቅ ከነገበሩ ልከሽ "ለእህትሽ ሠርግ አበባ ሥሪበት፤ ሐር ስለሆነ ግን እሳት እንዳታስነኪው" ብለሻል። እማዬ፣ የእኔ ሥራ እኮ እሳት ነው። ከልብስ ሰፊዎች የምለቅመውን ቁርጥራጭ በአበባ ቅጠል ቅርጽ ቆርጬ ወደ ሻማ ጠጋ ሳደርገው፣ ናይለን ከሆነ ጠርዙ ቀለጥ ብሎ ይታጠፍልኛል። ሐር ግን እንደተቃጠለ ፀጉር ሸቶ ዐመድ ይሆናል እንጂ አይታጠፍም። ስለዚህ እያንዳንዷን ቅጠል ሙጫ ቀብቼ፣ በማንኪያ ጀርባ አጉብጬ፣ እስክትደርቅ ቁጭ ነው። ጣቶቼ ተጣብቀው በር መክፈት አቅቶኛል።

ሙሽሪትሽ ደግሞ በየማለዳው ትደውላለች። መጀመሪያ ለፀጉሯ ብቻ ነበር። ከዚያ ለሙሽራው ደረት፣ ከዚያ ለሚዜዎቹ፣ ትናንት ደግሞ ለአማቷ። የደንበኞቼ ሥራ ቆመ ብላት "ምን አለበት፣ ቁርጥራጭ ነው" አለችኝ። ልቤን አውልቃዋለች።

አባዬም አላሳረፈኝም። ሰው በመጣ ቁጥር "ሌላው ሚስቱን ናይለን ሲያለብስ እኔ ሐር ነው ያለበስኳት" ይላል። ሻማ ባበራሁ ቁጥር ደግሞ "ልጄ፣ ያንን ጨርቅ አርቂው" ይለኛል። ሳትመካከሩ ሁለታችሁም አንድ ቃል።

ሐሙስ ዕለት የደንበኛ አበባ ስሠራ ከቀሚስሽ አንዲት ቅዳጅ ሻማው ላይ ወደቀች። አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። የፀጉር ሽታ አልሸተተኝም፤ ዐመድም አላየሁም፤ ጠርዟ ቀለጥ ብሎ ታጠፈ። አባዬ መሃረቡን አውጥቶ ዓይኑን ይጠርግ ጀመር። የዓይን መድኃኒቱ ጠብታ ነው አለኝ። ሻማውን እፍ ብዬ አጠፋሁት።

እንዴት እንደበሸቅኩ አትጠይቂኝ። ይህን ሁሉ ቀን በሙጫ የተጨማለቅኩት ለዚህ ነው? ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። በፊት ግን የቀረውን ልቁረጥ ብዬ ገበሩን ስፈታ ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል እራፊ አገኘሁ። ማን እንደጣፋት አልጠይቅሽም፤ ያንን ደቃቅ ስፌት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የክሩ ዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ከእራፊዋ በታች ያለውን ቀዳዳ ስዳስሰው ዳሩ እንደ ጥፍር ጠጥሯል። ካውያ ያረፈበት ይመስላል፤ ሐር ደግሞ እንዲህ ቀልጦ አይጠጥርም።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሲዋደዱም ያው ሳሩ ነው ለካ። ሁለታችሁም አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ብትነጋገሩ እኔ በሻማ ሠርቼ በግማሽ ቀን በተገላገልኩት ነበር።

አሁን ግን እንዴት አድርጌ ሻማ ላስነካው? የአባዬ እህት ከሠርጉ አትቀርም። እሷ እንደሆነች ሰላም ከማለቷ በፊት ጨርቅ ትዳስሳለች። ጠርዙ ቀልጦ ካገኘችው፣ አንቺም አባዬም ዕድሜ ልክ የኮራችሁበትን በሠርገኛ ፊት ታዋርድባችኋለች። ያንን ማየት አልችልም። ስለዚህ እየተራገምኩም ቢሆን ሁሉንም በሙጫ ጨርሻቸዋለሁ፤ የአማቷንም ጭምር።

ይህን ስጽፍ አባዬ "ለእናትሽ ምን አልሻት?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሐሩ አስቸገረኝ ብያታለሁ" አልኩት። "ሐር ድሮም አስቸጋሪ ነው፤ እናትሽ ግን አያያዙን ታውቅበታለች" አለኝ።

ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ሁለታችሁንም ጎን ለጎን ያቆይልን።

ታላቋ ልጅሽ