የመለስኩት ሃያ ስድስት

ቶሪኖ፣ ጁላይ 24

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ በረንዳው ላይ የተከልሽው ወይን ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ እየበረታሁ ነው።

ከተማችን ሽኮድራ ውስጥ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ምን ትማራለች ይላሉ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ይበሉ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በዚያ ቤት የማነጋግረው መጽሐፍ ብቻ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን በየጠዋቱ ትራም ተሳፍሬ፣ ስለ መጽሐፍ የሚከራከሩ ሰዎች ወዳሉበት ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ቀትር ላይ ሰሃኔን ይዤ ከተማሪዎቹ ጋር ለፓስታ እሰለፋለሁ።

መኝታ ክፍል የምትጋራኝ ኢላሪያ የሰርዴኛ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን፣ ልጅዎን ሊጠይቁ ነው የመጡት? አለችኝ። ተማሪዋ እኔ ነኝ ስላት ሳቋን መያዝ አቅቷት ትራሷ ውስጥ ተቀበረች። ዛሬ እሷ ኮምፒውተር ታሳየኛለች፣ እኔ ደግሞ ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር እንደማይታጠብ አስተምራታለሁ። ጣልያንኛሽ የድሮ ቴሌቪዥን አስተዋዋቂ ይመስላል ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ አባባ ጣሪያ ላይ በደበቀው አንቴና የጣልያን ቴሌቪዥን እያየን አይደል የተማርነው?

ዋናው ወሬዬ ግን ፈተናው ነው። የታሪክ ፈተናውን እስከ ጁላይ መጨረሻ ካላለፍኩ ነጻ ትምህርቱም አልጋውም ይቀርብኝ ነበር። እዚህ ፈተና በቃል ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁትም ከኋላ ሆነው ይሰማሉ። ፕሮፌሰሩ ማርክሽን ይነግርሻል፤ ካልወደድሽው አልቀበልም ብለሽ በሚቀጥለው ዙር ትመለሻለሽ። ከሠላሳ አሥራ ስምንት ያገኘ አልፏል።

ጁን ላይ ፕሮፌሰር ቤቲኒ ፊት ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ምላሴ ተሳሰረ፤ ዓመተ ምሕረቱም ስሙም ከራሴ በረረ። አዘነልኝ መሰል መነጽሩን አውልቆ፣ ለመሆኑ በወጣትነትዎ ለምን አልተማሩም? አለኝ። ነገርኩት። በእኛ ጊዜ የመማር ፈቃድ ከሰፈር ኮሚቴ እንደሚመጣ፣ አንዲት ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ፈቃዱ እንደተሰጣት፣ ከአገር የኮበለለ አጎቷ በድብቅ ደብዳቤ መላኩ ኮሚቴው ጆሮ ደርሶ እንደተነጠቀች፣ በሳምንቱም ጡብ ፋብሪካ እንደገባች። ልጅቷ ማን እንደሆነች አልተናገርኩም። እኔ መሰልኩት፤ እኔም እንዲመስለው ተውኩት። ከኋላዬ አንዷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃያ ስድስት፣ አለኝ።

እህቴ፣ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ አልቀበልም አልኩት። ኢላሪያ ከኋላ፣ ሴትዮዋ አበደች! ስትል አዳራሹ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ፣ ሠላሳ ፈልገው ነው? አለኝ። የለም፣ ይህ ማርክ የታናሽ እህቴ ነው፣ አልኩትና ወጣሁ።

ኢላሪያ ሦስት ቀን ነዘነዘችኝ። ከነሻንጣሽ ጎዳና ስታድሪ ያኔ ይቆጭሻል! አለችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ራሷ መጽሐፉን ገልጣ ታስጠናኝ ጀመር፤ ስሳሳት ጠረጴዛውን በማንኪያ ትመታለች።

ትናንት ተመልሼ ተቀመጥኩ። የጠየቀኝን ብቻ መለስኩ። ሃያ ሁለት አለኝ፤ ተቀበልኩ። አልጋዬም ጸናልኝ። ኢላሪያ ኮሪደር ላይ አቅፋኝ ልትሰብረኝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ እየፈረመ፣ ያ የአጎታችሁ ደብዳቤ ነገር ለኮሚቴው ማን እንዳደረሰው ታወቀ? ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሰው አገር ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝና፣ እህትዎ ያውቃሉ? አለኝ።

ደብዳቤው ሲነበብ ስኳር ልትበደር የገባችው ጎረቤታችን ሻኒሻ ናት ያሳበቀችው ብለሽ፣ ይኸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በደጇ ስታልፊ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ልጇ ሲሞት እንኳ አልደረስሽላትም፤ እኔም ሂጂ አላልኩሽም። አሁን ግን ሂጂና በሯን አንኳኪ። እሷ አልነበረችም። ወሬው በደረሰበት ጠዋት ኮሚቴው ቢሮ ወረፋ አልነበረም። ከጠረጴዛው ፊት የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ የተቀመጥኩበትም እኔ እንጂ ሻኒሻ አይደለችም።

ኦገስት አሥር በመርከብ ዱረስ እደርሳለሁ። ወደብ ወርደሽ እንድትቀበዪኝ አልጠብቅም። ሽኮድራ ስገባ ከቤቴ በፊት ወደ ሻኒሻ ነው የምሄደው። አንቺንም እዚያ ተቀምጠሽ ካገኘሁሽ፣ የቀረውን ለሁለታችሁም ቆሜ እናገራለሁ።

ጤናሽን ይመልስልሽ። ልጆችሽ አንቺ የተነጠቅሽውን ሁሉ ያግኙ።

የእናትሽ ልጅ፣
ታላቅሽ