በሩን የነቀሉት መምህርት፤ የወይዘሮ አትጠገብ ይርጉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አትጠገብ ከአባታቸው ከአቶ ይርጉ ወልደዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ ተሻለ በ1923 ዓ.ም. በጪጩ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1944 ዓ.ም. ዲላ ከተማ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. ከአቶ በቀለ ኃይለኢየሱስ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። የጀመሩት ነገር ካላለቀ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ቤተሰቡንም አያስተኙም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ አንድ መጸዳጃ አልነበረውም። ወንዶቹ ከአጥር ጀርባ ቡና ሥር ሲቀመጡ ባለቡናው በዱላ ያባርሯቸዋል። ሴቶቹ እስከ ቀትር ችለው ከሰዓት በኋላ ይቀራሉ፤ ከፍ ሲሉማ ጭራሹን ይቀራሉ። የሚጠጡትም ከአንድ በርሜል በአንድ ጣሳ እየቀዱ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ አቤት ያላሉበት ቢሮ የለም። መልሱ ሁልጊዜ «በጀቱ ሲለቀቅ» ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ጀሚሊያ ትምህርቷን አቋረጠች። ወይዘሮ አትጠገብ አባቷ ዘንድ፣ ነጋዴው አቶ ረሻድ ቤት ሄዱ።

«እትዬ፣ ልጄን ቡና ሥር ተቀመጪ ልበላት? ሽንት ቤት ይሠራ፣ ነገውኑ ትመጣለች» አሏቸው አቶ ረሻድ።

«እንግዲያው ቆርቆሮውን ከእርስዎ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

አቶ ረሻድ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በጭነት መኪናቸው አመጡ፤ ወላጆች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ መጸዳጃው ከፋሲካ በፊት አለቀ።

ከዚያስ? ዲሬክተሩ ቆለፉት። «ልጆች ያበላሹታል፤ እንግዳ ሊመጣ ነው» አሉ። እንግዳው መጡ፣ ከውጭ አይተው አደነቁ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ሄዱ። ቁልፉ ለሚቀጥለው እንግዳ ተቀመጠ። ከሰው መርጦ ለሹመት ይባላል፤ ይህን ሹም ማን እንደመረጠው እንጃ። ጀሚሊያ ቤቷ እንደተቀመጠች ሽማግሌ ሊላክባት ነው ተባለ።

ይህን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ አትጠገብ መዶሻና ካቻቢቴ ይዘው በሩን ከነማጠፊያው ነቀሉት። ከባልትና ተማሪዎቻቸው ጋር የሰፉትን የአቡጀዲ መጋረጃ ሰቀሉበት። ጀሚሊያ በማግስቱ ክፍል ገባች። እርሳቸው ግን የመንግሥት ንብረት አበላሹ ተብለው ወደ ኮቸሬ ተዛወሩ። የኮቸሬው ትምህርት ቤትም መጸዳጃ የለውም! እንደገና ከጉድጓድ ቁፋሮ ጀመሩ።

በ1960 ዓ.ም. ወደ ዲላ ሲመለሱ ቧንቧ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ ቆያቸው፤ የገባው ግን ለቢሮው አበባ ነው። አበባው ቧንቧ፣ ልጆቹ በርሜል። እርሳቸውም «ልጆቹ ከሚጠጡት ሌላ አልጠጣም» አሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፤ አልሰሙንም።

በመስከረም 1964 ዓ.ም. በአንጀት ተስቦ ታመሙ። ሐኪሙ ከውሃው ነው አሉ። ዛሬ ነርስ የሆነችው ጀሚሊያ ከአጠገባቸው ሳትለይ አስታመመቻቸው። ጥቅምት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ በቀለ፣ ልጆቻቸው ደመላሽና ማንጠግቦሽ፣ እናታቸውም በሐዘን ላይ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ለክብራቸው ተማሪዎቹን ከማለዳ ጀምሮ መቃብሩ ዘንድ አሰልፎ እንደሚያቆም ነግሮናል። ይህ ጽሑፍ በቀብሩ ላይ ከተነበበ በኋላም የባለሥልጣናት ንግግር አለ። እናመሰግናለን፤ እርሳቸው ቢኖሩ ግን አይፈቅዱም ነበር። ስለዚህ ንግግሩ ሳይጀመር ልጆቹ ወደ ቤታችን ይሂዱ። ቤታችን ቅርብ ነው፤ አፍልተን ያቀዘቀዝነው ውሃ በእንስራ ተቀምጧል፤ መጸዳጃውም ክፍት ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለተናጋሪዎቹም አጭር ቃል ይስጥልን።