የተሻለች ስም ከጨዋታው አይወጣም

በዜ ወንድሜ፣ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ወደቡ ላይ አሁንም ከባድ ዕቃ ታነሣለህ? ባለቤትህ ናሲሞ እንዴት ናት? ልጃችሁ ዩሩብ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? ምግብ እምቢ ማለቷንስ ተወች? እኔን ከጠየቅከኝ፣ ባትጠይቀኝም፣ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ንዴት በሽታ ነው ካልከኝ ግን ታምሜያለሁ።

ስልኬን አላነሣም ስላልክ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ሰማታር፣ ያ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጎረቤታችን፣ በእጅህ ሳያስረክብ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀደውም አንብበህ ነው የምትቀደው።

ናሲሞ ያሳየችህን የተማሪዎቼን ልምምድ ቪዲዮ አይተህ፣ እሳት ለብሰህ እሳት ጎርሰህ የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። የእናታችንን ሞት የሕፃናት መጫወቻ አደረግሽው፣ ያንን የጎርፍ ጨዋታና የእሷን ስም ከትርኢቱ ካላወጣሽ እህት የለኝም ብለሃል። እናትም አባትም ሆነህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ባሌት ልማር ብዬ ሳስቸግርህ አዲስ አበባ የላክኸኝም አንተው ነህ። ይህን የምረሳ ውለታ ቢስ አይደለሁም። መልሴ ግን አላወጣም ነው። ወይ ፍንክች።

አሁን ቁጭ በልና ስማኝ። አንተ ባሌት ሲባል ቴሌቪዥን ላይ ያየሃቸው ነጭ ለባሾች ይመጡብሃል። የእኔ ተማሪዎች የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ጀርባችሁን አቅኑ ብትላቸው ግማሾቹ ያዛጋሉ፣ ግማሾቹ ሽንቴ መጣ ይላሉ። ስለዚህ ሥራዬ ሁሉ እንበል ነው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል እንበል፣ አናታችሁ ላይ ሙሉ ባልዲ አለ፣ ጠብ ሳታደርጉ ቀስ ብላችሁ ዝቅ በሉ ስላቸው ጀርባቸው ቀጥ ይላል። ክንዳቸው ክብ እንዲሠራ ትልቅ ሐብሐብ አሳቅፋቸዋለሁ። በእግር ጣት ጫፍ መቆምንማ ማን ያስተምራቸዋል? እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግራችሁ አሸዋ ላይ ናችሁ ማለት ይበቃል፤ የድሬ ልጆች ናቸው፣ ያውቁታል።

በየቀኑ ደግሞ አንድ ልጅ ዛሬ የት እንዳለን ይመርጣል። አንዱ ባቡር ላይ ይጭነናል፣ አንዷ ጨረቃ ላይ ታወጣናለች። መጋቢት ላይ ተራው የቢላን ሆነ። ቢላን ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርስ የላትም፣ ምላስ ግን አላት። ደቻቱ፣ ውሃው የመጣ ቀን አለች። ክው አልኩ። እኔ አልመረጥኩትም በዜ፣ ይህን ልብ በል። ጎርፉ እማዬን ሲወስዳት አንዳቸውም አልተወለዱም፤ ግን በየቤታቸው ትልልቅ ሰው ሲንሾካሾክ እየሰሙ ነው ያደጉት። ሌላ ቦታ ምረጪ ልላት አፌን ስከፍት እነሱ ቀድመው ወንዙ ውስጥ ገብተዋል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፣ ጉልበት ደረሰ፣ ክንዶቻቸው ከውሃው ጋር ተንሳፈፉ። ወር ሙሉ የለመንኳቸው የክንድ አነሣስ ያን ዕለት መጣ። አንዷን መሃል አቁመው ሌሎቹ በነጠላ እየሳቡ አወጧት። መሃል ያለችው ማን ትባል ብለው ጠየቁኝ። በእማዬ ስም፣ ተሻለች ትባል አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር፤ አላመለጠኝም፣ ወድጄና ፈቅጄ ነው ያልኩት።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ የቢላን አያት አዬዮ ሃዎ መጣች። እሷም በዚያ ጎርፍ እህቷን አጥታለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅኳት። እሷ እቴ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አየች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ አቦ ውሃው እንዲህ ዝም ብሎ አይመጣም፣ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው አለችን። አሁን ልጆቹ የሚጀምሩት ወለሉን በተረከዛቸው እየደበደቡ ነው። አዳራሹ ይንቀጠቀጣል።

አንተስ? በቤታችን ስሟ ከተነሣ ስንት ዘመን ሆነው? ፎቶዋን ሣጥን ውስጥ ቆለፍክባት። እማዬ ምን ዓይነት ነበረች ስልህ ብድግ ብለህ ትወጣ ነበር። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በአንድ እጅህ እኔን፣ በሌላው እሷን ይዘህ ነበር፤ የእሷ እጅ አመለጠህ። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርክ እኮ። ማንም ሳይከስህ ራስህ ከሰህ ራስህ ፈረድክ፣ ስሟንም አብረህ አሰርክብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? እኔንም ወልዳኛለች፣ ስሟ ለእኔም ይደርሰኛል።

ቪዲዮው የሚያልቀው ልጆቹ ስሟን ሲጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየህምና ልንገርህ። መሃል የቆመችው ኑርቶ ነበረች፣ ነጠላውን የያዘችው ቢላን። እጇን አላባትና ነጠላው አመለጣት፤ ኑርቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቢላን ጨዋታ መሆኑን ረስታ ለቀቅኳት፣ እኔ ነኝ የለቀቅኳት እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ኑርቶ ከወደቀችበት ተነሥታ መጣችና እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገችላት፣ አንቺ አይደለሽም፣ ውሃው ነው የወሰደኝ አለቻት። ወላሂ ማንም አላስጠናትም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ፤ ለእማዬ ሳይሆን ለአንተ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የነጠላው ማምለጥም፣ ኑርቶ የምትለውም የትርኢቱ ክፍል ሆኗል። አውጪው ያልከኝ ይህንን ነው። አላወጣም። ሰኔ 22 እሑድ በሰው ሁሉ ፊት ይታያል። ብትመጣ ከፊት ትቀመጣለህ፣ ባትመጣም ይታያል።

ናሲሞን በጣም እንደምወዳት ንገራት፤ ቪዲዮውን ስላሳየችህ ፊትህን እንዳታጠቁርባት። ለአማትህ ለወይዘሮ ዋርሳን ጉልበታቸውን ይማርልኝ በልልኝ። አብሮህ የሚሠራውን ዓዋሌንም ሰላም በለው፣ ወገብህን አደራ ብያለሁ። ዩሩብን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አያቷ ማን እንደምትባል ነግረሃታል? ካልነገርካት ክረምት ላይ መጥቼ እኔ እነግራታለሁ።

ብትወድም ባትወድም እህትህ፣
ማርቲ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.