የአባትሽ ቱርቦ

ልጄ አርሴማ፣ እመብርሃን በምትረግጪው የእንግሊዝ ምድር ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን። በረዶው ቀልጧል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከኮቪዱ ወዲህ ተከፍቷል። ኮል ላደርግሽ ነበር፤ እንባ ቀደመኝ።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከፒከሪንግተን ከተማ ድረስ የቃለ መጠይቅ ቪዲዮሽን ሊያሳዩን መጡ። የእሽቅድምድም መኪናውን ቱርቦ በኤሌክትሪክ እንደምታዞሩት፣ የጭሱም ሙቀት እንዳይባክን መልሳችሁ ጉልበት እንደምታደርጉት ስታስረጂ አባትሽ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር። ጠያቂው «ሞተር ማን አስተማረሽ?» ሲልሽ ግን፣ «አባቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከቤታችን ሞተር የሚያውቅ የለም» አልሽ።

ጡት ነካሽ ያሳደግሁ መሰለኝ! በዘጠኝ ዓመትሽ ጋራዣችን ውስጥ አሮጌ ቱርቦ ፈትቶ ያስያዘሽ ማን ነው? አባትሽ «ለሞተሩ አየር የሚነፋው ይህ ነው፤ ግን ጭሱ እስኪገፋው ይዘገያል» ሲልሽ፣ «ታዲያ በኤሌክትሪክ ለምን አናዞረውም?» ብለሽው ነበር። ይህንን ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። ቪዲዮሽን ያየን ቀን ግን ያንን ቱርቦ ከመደርደሪያው አውርዶ በጨርቅ ጠቀለለው።

ጭስ እንኳ የማታባክኚ ልጅ አባትሽን ጣልሽው።

ብቀየምሽም ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ ይባረክ። እባክሽ ኮል አድርጊውና ስለ ሞተር አንድ ነገር ጠይቂው፤ የምታውቂውንም ቢሆን።

እናትሽ ማዘንጊያ